ሐኪሙ እጁን የዘረጋ ቀን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ነገር ከጨመርኩበት ጥርሴ ይርገፍ፤ ያውም የፊት የፊቱ። "ይሄማ የፈጠራ ወሬ ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ሰውየውንም አጎቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሽንኩርት የተከተፈበትን የቼዝ ሰሌዳም በገዛ አፍንጫዬ አሽትቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ሰውየው ሐኪም ነው። ሐኪም ብቻ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር፤ እሱ ግን ግራንድማስተርም ነው። ግራንድማስተር ማለት በቼዝ ከዚያ ወዲያ የሚወጣበት ደረጃ የሌለው ሰው ነው፤ ጣሪያው ላይ ደርሶ ጭንቅላቱ ኮርኒስ የሚነካ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይ እንደማከራየት ነው። አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው መብራት ያበራል።

እንዴት ሁለቱን ሆነ ብትሉ ነገሩ የመጣው ከባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። ወላጆቹን በሕፃንነቱ ስላጣ ያሳደጉት የእናቱ ወንድምና ሚስቱ ናቸው። አጎትየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኞቹ "ጋሼ ምላጭ" ይሉታል፤ ከምላጩ ይልቅ ምላሱ ስለሚቆርጥ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ልጁን ከትልቁ መስታወት ፊት አስቀምጦ ቼዝ ያስተምረው ነበር። "አስበህ ንካ። ከነካህ ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው" ይለዋል፤ የቼዝ ሕግም እንደዚያው ነው። አጎትየው ልጁ የቼዝ ንጉሥ እንዲሆንለት ፈለገ። ሚስትየዋ ደግሞ "ይኼ እንጨት መግፋት የት ያደርሰዋል፤ ሐኪም ይሁንልኝ" አለች። ልጁ ሰው ማስቀየም አይወድም። አጎቱንም ደስ ይበለው፣ እሷንም ደስ ይበላት ብሎ ሁለቱንም ሆነ፤ የሚከፋው ሰው ጠፍቶ ሁሉም ነገር ተደበላለቀ።

በሕክምና ትምህርት ቤት የልብን ክፍሎች ሥዕል ሥሩ ሲባሉ አራቱን አስተካክሎ ሠርቶ ሲያበቃ በስተግራ በኩል የቼዝ ግንብ ጨመረበት። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ። ልቡ ልክ ነው፤ ግንቡን ግን ምን ይበለው? ወደ ውድድር ሲሄድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድ ትልቅ ጨዋታ ላይ የተጋጣሚውን ጥፍሮች ሲመለከት ቆየና በመካከል "አንተ፣ ደም ማነስ አለብህ" አለው። ተጋጣሚው ደነገጠ፣ ዳኛው ሐኪሙን ተጫዋች በማወክ ቀጣው። ሰውየው ግን ሲመረመር ደም ማነስ ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ ተጋጣሚዎቹ ጓንት አድርገው መምጣት ጀመሩ።

ክፉው ነገር የእጁ ነገር ነው። ቼዝ ተጫዋች አስቦ ነው የሚነካው፤ ሐኪም ግን ነክቶ ነው የሚያስበው። አንድ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ንግሥቱን እንደ ታማሚ ሆድ በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ "እዚህ ጋ ያምሻል?" ሊላት ምንም አልቀረውም ነበር። የነካውን ማንቀሳቀስ ግዴታው ነውና አንቀሳቀሳት፤ ዋንጫውም አመለጠው። ሆስፒታል ደግሞ በሽተኛው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሁለት ቡጢውን ጆሮ ግንዱ ላይ አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ያፈጥበታል። ጉንፋን ይዞት የመጣ አንድ ሰው ዝምታውን አይቶ እዚያው ወንበሩ ላይ ኑዛዜ ጀመረ።

ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ "ቼዙ" ይሉታል፣ ቼዝ ክበብ ውስጥ ደግሞ "ዶክተሩ"። የትም ቢሄድ የሚጠሩት በሌላኛው ሥራው ነው። እሱም ሲጠሩት መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን ያያል።

እንዲህ ሆኖ እየኖረ ሳለ አንድ ጠዋት የአጎቱ ሚስት የጋሼ ምላጭን ክርን ይዛ እየገፋች ምርመራ ክፍሉ አስገባችው።

"ቀኝ ጎኑን ይዞ ነው የሚያድረው። 'ምን ሆንክ' ስለው 'ቀበቶዬ ጠቦኝ' ይላል። ፒጃማ ከመቼ ወዲህ ነው ቀበቶ ያለው?" አለች።

"ሴትዮ፣ ውጭ ጠብቂኝ" አላት ባልየው። ወጣች።

ሐኪሙ አጎቱን አልጋው ላይ አስተኛው። ፊቱ ገርጥቷል፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ቢጫ ብሏል። የሐኪሙ ልብ ስንጥቅ አለ። ጉበቱ ነው፣ አለ በሆዱ። ካንሰር ነው። አባትም አጎትም የሆነውን ሰው ሊያጣው ነው። የአልትራሳውንዱን ዕቃ ሆዱ ላይ እያንሸራተተ ወደ ማሽኑ ስክሪን አፈጠጠ። እንደ ልማዱ አንድ ቃል አልተናገረም። አጎትየውም ማሽኑን አላየም፤ ያየው የነበረው የልጁን ፊት ነው።

ሐኪሙ ፈለገ፣ ደግሞ ፈለገ። ጉበቱ ንጹሕ ነው። ካንሰር የሚባል ነገር የለም። ያለው የሐሞት ጠጠር ነው፤ አንዱ ትልቁ የሐሞት ከረጢቱ አንገት ላይ ተሰክቷል። በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰውየው ቤቱ የሚሄድበት ነገር ነው። ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ማሽኑን አጠፋ፣ እንኳን ደስ አለህ ሊለው እጁን ዘረጋ። እጁ ተዘረጋ፤ ቃሉ ግን ከደስታው ብዛት አልወጣም።

አጎትየው እጁን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠውና ዝግ ባለ ድምፅ "ጥሩ ተጫውተሃል፣ ልጄ" አለው።

በዚህ መሐል የክፍሉ ሲስተር በሩን ከፈተች። "ዶክተር ቶሎ ድረስ፣ አንዲት ታካሚ ኮሪደሩ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች" አለች። ሐኪሙ ሮጠ። ሴትዮዋን አንስቶ፣ ግሉኮስ አስተክሎላት ሲመለስ አልጋው ባዶ ነው። አጎቱ የለም፣ አክስቱም የለችም።

ቁጭ ብሎ አሰበ። ጥሩ ተጫውተሃል ማለት ምን ማለት ነው? ማን ተጫወተ? ስልክ ደወለ፤ ያነሳችው ሚስትየዋ ናት።

"እትዬ፣ ለምን ሄዳችሁ?"

"እኔ ምን አውቄ። ቤት ከገባ ጀምሮ ዕቃውን ለጎረቤት እያከፋፈለ ነው። መቀሱን ለልብስ ሰፊው ሰጠው። አሁን በቀረው መቀስ የራሱን ፀጉር እየቆረጠ ነው። ምን ብለኸው ነው?"

"ምንም አላልኩትም።"

"እሱማ ነው ችግርህ" ብላ ዘጋችው። ደግሞ ቢደውል የሚያነሳ አጣ።

ሐኪሙ ተረኛ ስለነበረ ሊወጣ የቻለው በማግስቱ ነው። ብቻውን አልሄደም። ቀዶ ጥገናውን የምትሠራውን ባልደረባውን ይዞ ሄደ፤ እጇ የተመሰከረለት፣ ወሬዋ አጭር የሆነ ሐኪም ናት። የአልትራሳውንዱን ፎቶ ስታይ "ይሄ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ለውስጥ ከፈነዳ ያን ጊዜ እውነተኛ ችግር ይመጣል" ብላዋለች።

ቤቱ ሲገቡ መጀመሪያ ያገኙት የሽንኩርት ሽታ ነው። ሚስትየዋ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከሥሩ ያለው መክተፊያ ደግሞ ሐኪሙ ያደገበት የቼዝ ሰሌዳ ነው።

"እትዬ፣ ሰሌዳው ላይ?"

"ራሱ ነው የሰጠኝ። 'ከእንግዲህ ለኔ ምን ይሠራል፣ መክተፊያ አድርጊው' አለኝ። ደግሞ ጥሩ መክተፊያ ነው፤ መስመር ስላለው እኩል እኩል ይቆርጣል።"

ጋሼ ምላጭ መኝታ ቤት ነው። ፀጉሩን ተከርክሟል፣ ጺሙን ተላጭቷል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጣሪያውን እያየ ተንጋሏል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ፀጉሬን ነው? ከሞትኩ በኋላ የማላውቀው ባለሙያ መጥቶ ጎኑን እንዲያበላሸው አልፈለግኩም። ሠላሳ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሳሳምር ኖሬ በራሴ ሰው አይስቅም።"

"ማን ይሞታል አለህ?"

"አንተ ነህ ያልከኝ።"

"እኔ መች አልኩ?"

አጎትየው በክርኑ ቀና አለ። ቀኝ ጎኑን ያዝ አደረገና ቀስ ብሎ እንደሚያስተምር ሰው ተናገረ።

"ስማ። እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ትልልቅ ተጫዋቾች ንጉሣቸው እስኪያዝ አይጠብቁም። መጨረሻው ከሩቅ ሲታያቸው የጨዋታውን ሰዓት ያቆማሉ፣ እጃቸውን ዝም ብለው ይዘረጋሉ። ተሸንፌያለሁ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ትናንት ረጅም ጊዜ አሰብክ፣ ተነፈስክ፣ ማሽኑን አጠፋህ፣ እጅህን ዘረጋህ። ዝም ብለህ። እኔ ሞኝ ነኝ?"

ሐኪሙ የትናንቱን በልቡ ደገመው። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያደረገው። ግን እንደዚያ አልነበረም። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ ሐኪም ነበርኩ" አለ፤ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ግራ ሆነበት።

"ፊትህ የቼዝ ፊት ነበር።"

"ደስ ብሎኝ ነው። ጠጠር ነው ያለብህ። የሐሞት ጠጠር።"

"ይሄን አሁን ሐኪሙ ነው የሚያወራው። ሐኪም በሽተኛ ለማጽናናት ይዋሻል፣ ሥራው ነው፣ አልፈርድብህም። ግራንድማስተር ግን እጁን በውሸት አይዘረጋም።"

ባልደረባዋ ጣልቃ ገባች። "አባባ፣ እውነቱን ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ከረጢቱን ከነጠጠሩ አወጣዋለሁ።"

"ልጄ፣ ቼዝ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው እሱ ምን እንዳየ በምን ታውቂያለሽ? ደግሞስ ሐሞቴን አውጥታችሁ ከሚስቴ ጋር በምን ሐሞቴ ልኖር ነው?"

"ሰማሁ" አለች ሚስትየዋ ከሽንኩርቱ ላይ ሆና።

ሐኪሙ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ። የሽንኩርቱ ሽታ ዓይኑን ሞላውና እንባው ወረደ። አጎትየው አየው። "ይኸው" አለ ለባልደረባዋ፣ "ይኸው እያለቀሰ ነው። ቀላል ነገር ነው አላልሽም?" ሐኪሙ "ሽንኩርቱ ነው" ቢል የሚያምነው አጣ። ባልደረባዋ እንኳ ለአፍታ በጥርጣሬ አየችው።

ያን ጊዜ የቼዝ ጭንቅላቱ አንድ መንገድ አገኘለት። "እሺ ጋሼ፣ ተሸንፌያለሁ ብዬ ነው የዘረጋሁት እንበል። ማን ነበር ፊት ለፊቴ ያለው?"

"እኔ።"

"በቼዝ እጅ የሚዘረጋው ለማን ነው?"

"ለተጋጣሚ።"

"ስለዚህ እኔ ከተሸነፍኩ ያሸነፈው ማን ነው?"

አጎትየው ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ግድግዳው አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። "እኔ ነኝ ያሸነፍኩት?"

"አንተ ነህ።"

"እንግዲህ ካሸነፍኩ" አለ ጋሼ ምላጭ ትራሱን እያስተካከለ፣ "ያሸነፈ ሰው ሆዱ የሚቀደደው በየትኛው ሕግ ነው? አልሄድም።"

ባልደረባዋ ሐኪሙን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። "ቼዙ፣ ነገሩን እያባባስከው ነው" አለች በሹክሹክታ፤ ራሷም ማን ምን እንዳባባሰ አላወቀችም። "ሆስፒታል አልጋውን አስይዛለሁ፣ አንተ እንደምንም አምጣው" ብላ ወጣች።

ሐኪሙ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሰሌዳውን አንስቶ ሽንኩርቱን ወደ ሳህን ገለበጠ፣ በእጅጌው ጠረገው። የቼዙ ጠጠሮች በአንድ አሮጌ ካልሲ ውስጥ መስኮት ላይ ነበሩ። አልጋው ላይ ዘረገፋቸው።

"እንጫወት። እኔ ካሸነፍኩ አሁኑኑ ተነስተህ ትሄዳለህ። አንተ ካሸነፍክ ዳግመኛ አልነካህም።"

አጎትየው ዓይኑ በራ። "ግራንድማስተር ከታመመ ሰው ጋር? እፍረት የለህም። አቅርበው።"

ሐኪሙ ይሄ ቀላል ነው ብሎ ነበር። ካደገ ወዲህ አጎቱ አሸንፎት አያውቅም። ግን ጨዋታው ተጀምሮ ትንሽ እንደሄደ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ አልቀመጥ አለ። በአጎቱ ግንባር ላይ ላብ አየ። ትኩሳት ጀምሮታል። ትንፋሹን ሲስብ መሐል ላይ ያቋርጣል፤ ይሄ ደግሞ የከረጢቱ መቆጣት ምልክት ነው። ፈረሱ በየት እንደወጣ አላየም፤ ያየው የአጎቱን የቀኝ እጅ ነው፤ በየመሐሉ ወደ ጎኑ ትሄዳለች። እንደዚህ እያሰበ ሳያውቀው በሁለት ጣቱ አንዱን ጠጠር ጫን ጫን ያደርጋል።

"ነካህ" አለ አጎትየው።

ሐኪሙ ወደ ታች አየ። ንጉሡን ነው የነካው፤ በዚያች ሰዓት ንጉሥ ማንቀሳቀስ ቤትን ከነዕቃው ማቃጠል ነው።

"ጋሼ፣ በስህተት ነው።"

"ከነካህ?"

"ማንቀሳቀስ ግዴታዬ ነው።"

አንቀሳቀሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የቼዝ ክበብ ሰዎች ቢያዩት ማዕረጉን ይገፍፉት ነበር። ንግሥቱ ሄደች፣ ግንቦቹ ሄዱ፣ ወታደሮቹ አንድ በአንድ ተለቀሙ። በመጨረሻ ንጉሡ ብቻውን በባዶ ሰሌዳ ላይ ሲንከራተት ቀረ። አጎትየው ንግሥቱን ይዞ ከኋላ ከኋላው ነው።

"አብቅቷል እኮ" አለ አጎትየው።

"አላበቃም" አለ ሐኪሙ ንጉሡን አንድ ቤት እየገፋ።

"ግራንድማስተር ንጉሡ ብቻ ቀርቶት ይጫወታል? ይሄን ትናንት የጀመረ እንኳ አያደርገውም። ዘርጋና እንገላገል።"

የሐኪሙ እጅ ልማዷ ሆኖ ልትዘረጋ ተነሳች። አያት፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ አያት። ወደ ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባት። "አልዘረጋም" አለ። "አዋርደኝ፣ ሳቅብኝ፣ ንጉሤን ያዝና ማት አድርገኝ። ላንተ እጄን አልዘረጋም።" በግራ እጁ ንጉሡን ገፋ።

አጎትየው ልጁን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሰሌዳውን አየ። ሕመሙ መጣበት መሰለኝ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ሲከፍት ንግሥቱን አንስቶ አስቀመጠ።

ሁለቱም ሰሌዳውን አዩ። የሐኪሙ ንጉሥ ጥግ ላይ ነው። ማንም አላጠቃውም፤ ግን የሚሄድበት አንድ ቤት የለውም። በቼዝ ሕግ ይሄ ማሸነፍ አይደለም፣ መሸነፍም አይደለም። አቻ ነው።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አጎቱን አየ። ይሄ ሰው እሱን ሕፃን ሳለ ስንት ጊዜ "ባዶ ንጉሥ ስታባርር መውጫ ተውለት፣ አለበለዚያ ድካምህ ገደል ይገባል" ብሎ ጆሮውን ቆንጥጦታል። እሱ ራሱ ሊሳሳተው? ሕመሙ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው?

"አቻ ከወጣን ምን ብለን ነበር?" አለ ሐኪሙ።

"ምንም አላልንም" አለ አጎትየው። እውነትም ምንም አላሉም። ሁለቱም ተፋጠጡ። ግራንድማስተሩም አስተማሪውም ቀጥሎ የሚደረገውን አላወቁትም።

ሚስትየዋ እጇን በፎጣ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። "ማን አሸነፈ?"

"ማንም" አላት ባልየው።

"ሁለት ጎልማሳ ወንድ ይሄን ያህል ቁጭ ብላችሁ ማንም አላሸነፈም?"

"ማንም አላሸነፈም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው እኔ አሸነፍኩ። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።"

ጋሼ ምላጭ ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ። እንዲህ ያለ ሕግ የለም ሊል ነበር፤ አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን እግሩን ከአልጋው አወረደና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አደረገለት።

በዚያው ቀን ሆዱ ተከፈተ፤ ከረጢቱ ሊፈነዳ ጫፍ ደርሶ ነበር። ባልደረባዋ ከነጠጠሩ አወጣችው። ትልቁን ጠጠር ታጥቦ በብልቃጥ ሲያሳዩት ቁርጥ የቼዝ ፈረስ ነው፤ ጋማ አለው፣ ጆሮ አለው፣ ወደ ግራ ያያል።

አጎትየው ምግብ መቅመስ ሲጀምር ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ንግሥቷን እዚያ ያስቀመጥካት አውቀህ ነው?"

"የቷን ንግሥት?"

"የመጨረሻዋን።"

"የታመመ ሰው ምን ያስታውሳል?" አለና ጋሼ ምላጭ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይስቅ ይሆን፣ ስፌቱ ያመው ይሆን፣ ሐኪሙ አልለየም። ቡጢውን ጆሮ ግንዱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና አሰበ። እስከዛሬ ያስባል። በውድድር መሐል፣ የሰው ሆድ እየዳሰሰ፣ ያችን ንግሥት ያስቀምጣታል፣ ያነሳታል።

በሉ እንግዲህ፤ ጥርሴን ስላስያዝኩ አንዲት ነገር ልመልስ። ጠጠሩ ፈረስ አይመስልም ነበር። ያቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት። አንድ ክብ፣ ጠይም፣ ምንም የማይመስል ጠጠር ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።